ለተራራ መንገድ የትኛው ያረጀ ካምፐር ይሻላል?

ያረጀ ካምፐር ቫን፣ ማለትም አልጋ የተገጠመለት የጉዞ መኪና፣ የሚሸጠው በመጋረጃው ነው። ፎቶው ላይ የኋላ በሩ ተከፍቷል፣ ፍራሹ ተነጥፏል፣ ከበሩ ማዶ ጭጋግ የለበሰ ተራራ ይታያል። ሞተሩ ፎቶው ውስጥ የለም። ፍሬኑማ ጭራሽ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለዚህ ዓይነት ገዢ ይመስለኛል። እኔም አንዴ በሬ ሆኛለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ለተራራ ጉዞ ያረጀ ካምፐር ሊገዛ ወይም ሊከራይ አስቦ ምርጫው የበዛበት ነው። ሌላው ቫኑ አለው፤ ግን ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ይችለው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም። ያረጀ የምለው 25 ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። የማነሳቸው ሞዴሎች ለየዓይነታቸው ምሳሌ ናቸው እንጂ «ይህን ግዙ» ማለቴ አይደለም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መለኪያው

ፍጥነትን ከመለኪያዎቹ አውጥቼዋለሁ። ለእይታ የሚኬድበት መንገድ ላይ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር መውጣት ነውር የለውም። ከኋላ መኪና ሲሰለፍ ዳር ይዞ ማሳለፍ ነው፣ አለቀ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

*ቁልቁለት።* ሰው ሁሉ «ዳገቱን ይወጣ ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል። ዳገት ያቃተው መኪና ይቆማል። ቁልቁለት ያቃተው ግን አይቆምም፤ ጣጣው እዚያ ነው። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 2,500 ኪሎ የሚመዝን ቫን 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት 70 ሊትር ያህል ውሃ ከክፍል ሙቀት አንስቶ እስኪፈላ ለማሞቅ ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። በከባድ ማርሽ ከወረዳችሁ ብዙውን ሞተሩ ይወስደዋል። ካልሆነ ፍሬኑ ይሸከመዋል።

የኔ በሬነት እዚህ ላይ ነበር። ቫኑ የጓደኛዬ ነው፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ፎቶ ያነሳል። በሦስተኛ ማርሽ፣ እግሬን ፍሬኑ ላይ እንዳሳረፍኩ ወረድኩ። መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ነገር። ከፊታችን ያለው መኪና ነው ተባባልን። ከዚያ ፔዳሉ ለሰለሰ። ከዚያ ወለል ነካ። በእጅ ፍሬኑና በግድ ባስገባሁት ሁለተኛ ማርሽ መንገድ ዳር ያለ ሜዳ ላይ ቆምን። ከ40 ደቂቃ በኋላ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመለሰ። የፍሬን ዘይቱን ስናየው እንደ ሻይ ጠቁሯል። መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም።

የሆነው ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። በመስፈርቱ መሠረት ዶት 4 የሚባለው ዓይነት የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ ሲገባበት የሚጠበቅበት ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉን ስትረግጡ የምትጨምቁት እንፋሎቱን ነው፤ ጎማው ጋ የሚደርስ ጉልበት የለም።

*ዳገት ላይ ያለ ሙቀት።* ሞተሩ ባለ በሌለ ኃይሉ እየሠራ መኪናው የሚሄደው በዝግታ ነው። ከፊት የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነው። ያረጀ ማቀዝቀዣ ድክመቱን የሚያሳየው ያኔ ነው።

*ስስ አየር።* ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 2,000 ሜትር ላይ 40 ገደማ ይቀረዋል ማለት ነው። ውሃም ቶሎ ይፈላል፤ 2,500 ሜትር ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ።

*ስፋትና ርዝመት።* ይህ አንዳንዴ የሕግ ጉዳይም ነው። አሜሪካ ግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ጎይንግ ቱ ዘ ሰን መንገድ፣ በተራራማው ክፍሉ ከ6.4 ሜትር የረዘመ ወይም መስተዋቱን ጨምሮ ከ2.4 ሜትር የሰፋ መኪና አያሳልፍም። ጣሊያን ውስጥ ስቴልቪዮ የሚባለው የተራራ መንገድ ላይ ረዥም መኪና ይዞ የገባ ሰው ደግሞ በየመታጠፊያው ወደ ኋላ መመለስና እንደገና መሞከር ይኖርበታል።

*ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?* ተራራ ላይ የተሻለው ሞተር የማይበላሸው ብቻ አይደለም። ሲበላሽ በመፍቻና በሽቦ እስከ ከተማ የሚያደርስም ያው ነው።

በአየር የሚቀዘቅዘው የኋላ ሞተር

ክብ መብራት፣ ሁለት ቀለም፣ ሁሉም ሰው እጁን የሚያውለበልብለት። ምሳሌው ጀርመን ውስጥ ከ1967 እስከ 1979 የተሠራው ቮልስዋገን ቲ2 ነው። 1600 ሲሲ ሞተር የተገጠመለት ወደ 50 የፈረስ ጉልበት አለው። ሙሉ ጭኖ 2,300 ኪሎ ቢመዝን፣ 10 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ በኔ ስሌት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። 2,000 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 35 ይወርዳል።

ራዲያተር ስለሌለው ውሃ አያፈላም። ይህ ግን አይሞቅም ማለት አይደለም፤ መሞቁን አይነግራችሁም ማለት ነው። ብዙዎቹ የሙቀት መለኪያ የላቸውም። የዘይት ሙቀት መለኪያ ማስገጠም ለዚህ ቫን ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማርሽ ላይ ነው። ማራገቢያው የሚዞረው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር አየሩም ያንሳል። «ሞተሩ እንዳይጮህ» ብሎ በሦስተኛ እያንገራገረ የሚወጣ ሰው ሞተሩን እየጠበሰው ነው። ወደ ሁለተኛ አውርዱት፣ ይጩህ። ሌላው፣ በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ መከለያ ነው። ከተቀደደ ወይም ከሌለ ሞተሩ ያስወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ጎማው ርካሽ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን አይደለም።

ካርቡራቶሩ ከፍታ ላይ አየር ስለሚያንሰው ቤንዚን ይበዛበታል። ትንሽ ጥቁር ጭስና መንተፋተፍ የተለመደ ነው፤ ሲወርድ ይሻለዋል።

ቁልቁለት ላይ ይህ ቫን ገር ነው። ቀላል ነው፣ ቤንዚን ነው፣ በሁለተኛ ማርሽ ሲለቀቅ ራሱን ይይዛል። ግን የ1971 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያለውን ፈልጉ፤ ከፊት የዲስክ ፍሬን የመጣው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ናቸው። ስፋቱ 1.72 ሜትር ብቻ ስለሆነ የትኛውም ጠባብ መንገድ ላይ ይተላለፋል።

አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። ሾፌሩ የሚቀመጠው ከፊት ጎማው በላይ ነው። ከፊት ሞተር የለም፤ ከቆርቆሮው ቀጥሎ ያለው ጉልበታችሁ ነው።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ቤንዚን፣ ሞተሩ ከኋላ

የቲ2 ተተኪ የሆነው ቮልስዋገን ቲ3 በ1979 ሲጀምር በአየር ይቀዘቅዝ ነበር። በ1982 መጨረሻ ወደ ውሃ ዞረ። 1.9 ሊትሩ ሞተር 60 ወይም 78 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ በኋላ የመጣው 2.1 ሊትር እስከ 112 ይደርሳል። ዳገት ላይ ከቀዳሚው በግልጽ ይሻላል።

ችግሩ ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሩ ከፊት መሆኑ ነው። ውሃው በመኪናው ሆድ ሥር ባለ ረዥም ቱቦ ይመላለሳል። ውስጡ አየር ከቀረ በቀላሉ አይወጣም፤ መካኒኮች የመኪናውን ፊት ከፍ አድርገው ነው የሚያስወጡት። ይህን የማያውቅ መካኒክ ውሃ ሞልቶ «በቃ» ይላችኋል፤ እናንተም ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ትቆማላችሁ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አካባቢ ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሲያረጅም ውሃ ያንጠባጥባል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ጨው መሰል ቅሪት ካያችሁ ምልክቱ ያ ነው።

የውሃ ታንኩን ክዳን አትናቁ። ውሃው ከፍታ ላይ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው በሲስተሙ ውስጥ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ግፊቱ የለም። ከጉዞ በፊት አዲስ ግዙ። ዳገት ላይ ቀስቱ ወደ ቀይ ሲጠጋ ደግሞ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። በበጋ ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ግን እንደ ተጨማሪ ራዲያተር ነው የሚሠራው።

ቁልቁለት ላይ እንደ ቲ2 ነው፤ ትንሽ ቢከብድም ፍሬኑ ይሻላል። እኔ በግሌ ለሁለት ሰው የተራራ ጉዞ ይህን አስበልጣለሁ፤ የማቀዝቀዣው ታሪክ በደረሰኝ ከተረጋገጠ ብቻ። ታሪኩ ካልታወቀ አልነካውም።

ተርቦ የሌለው ናፍጣ

ምሳሌው መርሴዲስ 207ዲ ነው። ይህ የቫን ቤተሰብ ከ1977 እስከ 1995 ተሠርቷል። መጀመሪያ 65፣ በኋላ 72 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሞተሩ ትዕግሥተኛ ነው። አንዴ ከተነሳ ኤሌክትሪክ ብዙም አይፈልግም። በውስጡ ቆሞ መሄድ የሚቻልባቸው ስላሉ ለረዥም ቆይታ የሚወዱት ብዙ ናቸው።

ዳገት ላይ ክብደቱ ጉልበቱን ይበላዋል። 3,200 ኪሎ አድርጋችሁ ብታሰሉት 10 በመቶ ዳገት ላይ ከትንሹ ቲ2 ጋር እኩል ነው የሚወጣው። 50 የፈረስ ጉልበት ያለው የቲ3 1.6 ናፍጣ ደግሞ አለ። ለሜዳ ጥሩ ቆጣቢ ነው። ለተራራ ግን ተዉት።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። «ናፍጣ ሞተር መኪና ይይዛል» ሲባል ትሰማላችሁ። ለድሮ ትንንሽ ናፍጣዎች ይህ ግማሽ እውነት ነው። የቤንዚን ሞተር እግራችሁን ስታነሱ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ፒስተኑ አየር ለመሳብ ሲታገል መኪናውን ይይዛል። የድሮ ናፍጣ ያ መዝጊያ የለውም። የጨመቀው አየር ፒስተኑን መልሶ ይገፋዋል። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች የጭስ ማውጫ ፍሬን የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ በከባድ ናፍጣ ካምፐር ስትወርዱ ከምታስቡት አንድ ማርሽ ዝቅ በሉ፤ ሁለተኛ ካሰባችሁ አንደኛ። ታሪኬ ውስጥ ያለው ቫን እንዲህ ዓይነት ነበር።

ተርቦ ናፍጣ፣ ሞተሩ ከፊት

ከ1990 እስከ 2003 የተሠራው ቮልስዋገን ቲ4 ምሳሌ ይሁነን። በ1995 የመጣው ቲዲአይ የተባለው 2.5 ሊትር ተርቦ ናፍጣ ሞተር 102 የፈረስ ጉልበት አለው። ተርቦው ስስ አየሩን ስለሚያካክስ ከፍታው ብዙ አይሰማውም። በዚያው 10 በመቶ ዳገት ላይ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይይዛል። ማቀዝቀዣው አጭር ነው፣ ራዲያተሩ ሞተሩ ፊት ነው።

ስለዚህ ይህ ነው አሸናፊው? ለብዙ ሰው፣ አዎ። ውበት ግን የለውም፤ እጁን የሚያውለበልብለትም የለም። ኤሌክትሮኒክስ ስላለው መንገድ ዳር በሽቦ አይጠገንም። የካምሻፍት ቺንጋው ዕድሜ አለው፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። የሚነዳው የፊት ጎማ ስለሆነ ኋላው ላይ ብዙ ከተጫነ በእርጥብ ኮረት ዳገት ላይ ጎማው ይንሸራተታል። ከረዥም ዳገት በኋላ ደግሞ ወዲያው አታጥፉት። አንድ ሁለት ደቂቃ ይተንፍስ፣ ተርቦው ይቀዝቅዝ። ጫፍ ላይ ደርሶ ለፎቶ ዘሎ መውረድ ለዚህ ሞተር አይበጀውም።

ቤት የተጫነበት

ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ ሽንት ቤት ያለው፣ ሁሉ ያለው። አውሮፓ ውስጥ ብዙዎቹ በ1981 በመጣው ፊያት ዱካቶ ላይ የተሠሩ ናቸው። ለቤተሰብ ይመቻል። ለተራራ መንገድ ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ሰፊ ነው፣ ረዥም ነው፣ ነፋስ ይገፋዋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከተፈቀደለት በላይ ተጭኗል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። 20 ሊትር ይዛችሁ ውጡ፣ ከተራራው ማዶ ትሞላላችሁ።

ሌላም መንገድ አለ፤ ቫኑን ሸለቆው ውስጥ አቁሞ ጫፉን በአውቶቡስ ማየት። ለዚህኛው ዓይነት ከልቤ ነው የምመክረው። አልጋችሁ ታች ይጠብቃችኋል።

በአንድ እይታ

| ዓይነት | ዳገት | ቁልቁለት | የሙቀት ስጋት | ጠባብ መንገድ | መንገድ ዳር ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|
| በአየር የሚቀዘቅዝ (ቲ2) | ቀርፋፋ | ጥሩ (ዲስክ ካለው) | መካከለኛ፣ ግን አይታይም | በጣም ጥሩ | ቀላል |
| በውሃ ቤንዚን (ቲ3) | ደህና | ጥሩ | ከፍተኛ፣ ካልተያዘ | ጥሩ | መካከለኛ |
| ናፍጣ ያለ ተርቦ (207ዲ) | ቀርፋፋ | ጥንቃቄ ይሻል | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ቀላል |
| ተርቦ ናፍጣ (ቲ4) | በጣም ጥሩ | ደህና | ዝቅተኛ | ጥሩ | አስቸጋሪ |
| ቤት የተጫነበት | ደካማ | ደካማ | መካከለኛ | መጥፎ | እንደ ሞተሩ |

መንገዱም ይመረጣል

ቫኑን መቀየር ካልቻላችሁ መንገዱን ቀይሩ። አሜሪካ ውስጥ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 755 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከፍተኛው ቦታ 1,845 ሜትር ገደማ ነው፤ የፍጥነት ገደቡ በአብዛኛው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው። ላረጀ ቫን የተሠራ ይመስላል። ችኩል ሰው እዚያ አይመጣም።

በ1935 የተከፈተው የኦስትሪያው ግሮስግሎክነር ሌላ ነገር ነው። በ48 ኪሎ ሜትር ውስጥ 36 ጥምዝ አለው፤ ዳገቱ እስከ 12 በመቶ ይደርሳል፤ መንገዱ 2,500 ሜትርን ያልፋል። ቲ2 ይወጣዋል፣ ግን እየቆመ። ስቴልቪዮ ደግሞ 2,757 ሜትር ላይ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ብቻ 48 ጥምዝ አለ። እዚያ ቤት የተጫነበት ካምፐር ይዞ መግባት ለራስም ለሰውም አይመከርም። የሩማኒያው ትራንስፋጋራሻን 2,042 ሜትር ይደርሳል፤ በአውሮፓ የቅዝቃዜ ወራት ሙሉ በበረዶ ይዘጋል። ከመነሳታችሁ በፊት መከፈቱን አረጋግጡ።

እንግዲህ ማን ምን ይውሰድ?

ገንዘብ ጠበብ ካለና እጃችሁ ከመፍቻ ጋር ከተዋወቀ፣ ተርቦ የሌለውን ናፍጣ ያዙ። በግዢው የተረፈችውን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ፍሬን ላይ አውሉት። ሸራ፣ የፍሬን ቱቦዎች፣ ዘይት፣ ሁሉም አዲስ።

ሁለት ሆናችሁ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትወጡ ከሆነና ጉዞው ራሱ ደስታችሁ ከሆነ፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ይበቃችኋል። የድሮ ስም ያለው ቫን ግን ዋጋው ከጤናው ጋር አይሄድም። ውዱ ጤነኛ ነው ብላችሁ አታስቡ።

ልጆች ካሉ ተርቦ ናፍጣው። ምክንያቱ ጉልበቱ ሳይሆን ቀበቶው ነው። ከኋላ ወንበር ሦስት ነጥብ ቀበቶ መኖሩን እያንዳንዱን ጎትታችሁ እዩ። ብዙ የድሮ ካምፐሮች ሲሠሩ ኋላ የሚቀመጠው ሰው አልታሰበም።

በአንድ ጉዞ ብዙ ከፍታዎችን ለማለፍ ያሰበ ሰው ምርጫው ከሁለት አይበልጥም፤ ተርቦ ናፍጣ ወይም በደንብ የተያዘ 2.1 ቲ3። አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ስትወርዱ በ«ዲ» አትተዉት። ወደ 2 ወይም 1 አውርዳችሁ ያዙት።

ቫኑ ቀድሞውኑ ያላችሁ ሰዎች፣ አትሽጡት። ያላችሁበትን ረድፍ ከሠንጠረዡ ፈልጉና ደካማውን ጎን አሳድሱ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ጎማውን በጥርሱ አትመዝኑት፤ ካምፐር ቆሞ ስለሚያረጅ ጥርሱ አዲስ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ይሆናል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው በኋላ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2318 ካለ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

የምትገዙ ከሆነ ለሙከራ ስትነዱት ሻጩ ዳገት ሊያሳያችሁ ይፈልጋል። ውጡለት። ከዚያ ያንኑ ቁልቁል በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ታች ስትደርሱ ቁሙና ዙሩት። እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ። ግራና ቀኙ እኩል መሞቅ አለበት። አንዱ ከጓደኛው በጣም ከሞቀ ፍሬኑ ተጣብቋል፤ አንዱ ጭራሽ ከቀዘቀዘ አይሠራም። ሻጩ «እሱ ሁሌም እንደዚህ ነው» ካላችሁ፣ ያው ነግሯችኋል።